ጥቅሱ ለማን ነበር የተነገረው? ቃሉን በኑሯችን ስንሠራበት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በታክሲው መስታወት ላይ ተለጥፏል፤ ማለዳ ማለዳ በቴሌግራም ይላክልናል። ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። የሚያሳዝነው ግን ይኸው ቃል ደካማውን ዝም ለማሰኘት ሲውል ማየት ነው። ለጉልበተኛ የተነገረው ተግሣጽ ዞሮ በተበዳዩ ላይ ያርፋል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህ ነው፤ በኦርቶዶክሱም፣ በፕሮቴስታንቱም፣ በካቶሊኩም ዘንድ ይገኛሉ።

ቁጥርን ከምዕራፉ ነጥሎ መያዝ

"ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ" የሚለው ኤርምያስ 29፥11 በምረቃና በልደት ካርድ ላይ አይጠፋም። ቃሉ ግን ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን፣ ለተማረኩት ሰዎች ከላከው ደብዳቤ የተወሰደ ነው። በምዕራፍ 28 ሐናንያ የተባለ ነቢይ "በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል" ብሎ ሕዝቡን ደስ አሰኝቶ ነበር። ኤርምያስ ግን ከምንወደው ቁጥር አንድ ከፍ ብሎ፣ በቁጥር 10 ላይ፣ የሚጠበቀው 70 ዓመት መሆኑን ይናገራል። ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት አዋቂዎች መካከል አገሩን ዳግመኛ ያየ ጥቂት ነው። እስከዚያው ምን ያድርጉ? ቤት ይሥሩ፣ አትክልት ይትከሉ፣ ልጆቻቸውን ይዳሩ፣ ለተሰደዱባትም ከተማ ሰላም ይጸልዩ። በሪያድ ወይም በዋሽንግተን ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ከአንዱ ቁጥር ይልቅ ሙሉው ደብዳቤ እጅግ የበለጠ ይነግረዋል።

ዛሬ የምንጠቅስባቸው ምዕራፎች የተከፈሉት በ13ኛው መቶ ዘመን ነው፤ የአዲስ ኪዳን ቁጥሮችም የገቡት በ1551 እ.ኤ.አ. ነው። ጳውሎስ መልእክት እንጂ ቁጥር አልጻፈም። በአብነት ትምህርት ቤትም ተማሪው መጻሕፍት ቤት ገብቶ ትርጓሜ የሚቀጽለው በንባብ፣ በዜማና በቅኔ ቤት ካለፈ በኋላ ነው። ሁላችንም እዚያ መድረስ አይጠበቅብንም፤ ጥቅሱን ለሌላ ሰው ከመላካችን በፊት ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ግን ማንንም አያቅትም።

እየጾሙና አሥራት እየሰጡ የሠራተኛን ደመወዝ መያዝ

ይህን ከሁሉ አስበልጬ አነሣዋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን እንደ ስህተት እንኳ አንቆጥረውም።

ሚልክያስ 3፥10፣ አሥራትን ወደ ጎተራ ስለማግባት የሚናገረው ቃል፣ የመባ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ይነበባል። በዚያው ምዕራፍ በቁጥር 5 ላይ ግን እግዚአብሔር በፍርድ የሚቀርብባቸው ሰዎች ተዘርዝረዋል። ከአስማተኛውና ከአመንዝራው ጋር አብሮ የተቆጠረው የሞያተኛን ደመወዝ የሚከለክል፣ መበለቲቱንና ወላጅ የሌለውን የሚያስጨንቅ፣ የመጻተኛውን ፍርድ የሚያጣምም ሰው ነው። ቁጥር 10 በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ቁጥር 5 የማይነበበው ለምንድን ነው? አሥራቱስ ቢሆን? ዘዳግም 14፥28 እና 29 በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣው አሥራት ለሌዋዊው ብቻ ሳይሆን ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ እንዲሆን፣ በልተውም እንዲጠግቡ ያዝዛል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አሥራቷን ሳታጓድል የምትሰጥ እመቤት የቤት ሠራተኛዋን የሦስት ወር ደመወዝ "እኔ ጋር ይቀመጥልሽ" ብላ ይዛዋለች። ልጅቷ እናቷ ታማባት ገንዘቧን ስትጠይቅ ፊት ይጠቁርባታል። ዘዳግም 24፥15 ግን የድሀውን ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ በዕለቱ እንድንከፍል ያዝዛል። ያዕቆብም በመልእክቱ 5፥4 ላይ የተከለከለው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደገባ ይናገራል።

ጾሙም እንዲሁ ነው። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ያለ አንዳች ጉድለት የሚጾም ቤተሰብ፣ ወይም በሳምንት ሦስት ቀን ጾም ጸሎት የሚይዝ ቤተሰብ፣ ሠራተኛዋን ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ያቆማታል። የጾሙን ወጥ የምትሠራው እሷ ናት፤ ቅዳሴው ግን ያመልጣታል። ኢሳይያስ 58 የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ነው፤ ሰዎቹ "ስለ ምን ጾምን፥ አንተም አልተመለከትኸንም?" ብለው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ማስጨነቃቸው ነው። ስለ ሰንበት የተሰጠው ትእዛዝም በዘዳግም 5፥14 ላይ ሎሌና ገረድ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ በግልጽ ይናገራል። ሰኞ ዕለት የሚጀመር ነገር ከተፈለገ ደመወዝን በቀኑ መክፈል፣ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን መስጠት፣ ወደምታመልክበት ቤት እንድትሄድ መፍቀድ ነው። ቤተ ክርስቲያንም የጥበቃዋንና የጽዳት ሠራተኛዋን ደመወዝ ከአዳራሹ ዕድሳት በፊት ትክፈል።

"የቀባኋቸውን አትዳስሱ" ብሎ ጥያቄን መዝጋት

አንድ ምእመን የሒሳብ ሪፖርት ይጠይቃል። መልሱ መዝሙር 105፥15 ይሆናል፤ ጠያቂውም ዐመፀኛ ይባላል። መዝሙሩን ከቁጥር 12 ጀምሮ ብናነብ ግን የሚናገረው ስለ አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ነው፤ በቁጥር ጥቂት የነበሩ፣ ከአገር አገር የሚዞሩ እንግዶች። እንዳይነኳቸው የተገሠጹት ነገሥታት ናቸው። መከታ ለሌላቸው ስደተኞች የቆመውን ቃል ሥልጣን ላለው ሰው ጋሻ ማድረግ መዝሙሩን መገልበጥ ነው።

ዳዊት ሳኦልን በእጁ አልነካም፤ በዓይንጋዲ ግን በደሉን ፊት ለፊት ነግሮታል። ናታን ዳዊትን ገሥጿል። ጳውሎስ በአንጾኪያ ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ተቃውሞታል። ለቅዱሳን ያሰባሰበውን ገንዘብ በተመለከተም፣ ማንም እንዳይነቅፈው ተጠንቅቆ ሌሎች ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አድርጓል (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20)። ሐዋርያው ይህን ካደረገ ኦዲት የሚያስፈራው አገልጋይ ምን ሊል ይችላል? በሌላ በኩል 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19 ያለ ሁለትና ሦስት ምስክር በሽማግሌ ላይ የቀረበ ክስ እንዳንቀበል ያዝዛል፤ ስለዚህ ማንነቱን የሰወረ ሰው በፌስቡክ የጻፈውን ተቀባብሎ ማሰራጨትም ስህተት ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 20 ደግሞ ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጻቸው ይላል። ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ይነበቡ።

የምትደበደብን ሴት በጥቅስ ወደ ቤቷ መመለስ

ሽማግሌዎች ተቀምጠው "እግዚአብሔር መፋታትን ይጠላል" ይሏታል። እውነት ነው፤ ሚልክያስ 2፥16 ይላል። ቁጥሩ ግን እዚያ አያበቃም፤ ልብሱን በግፍ ሥራ የሚከድነውን እንደሚጠላም ይቀጥላል። ደግሞም ምዕራፉ የሚወቅሰው የልጅነት ሚስቱን ያታለለውን ባል እንጂ ሚስቲቱን አይደለም። ፊቷ ያበጠ እህት ስትመጣ የመጀመሪያው ሥራ ማስታረቅ ሊሆን አይገባም። ደኅና የምታድርበት ቦታ፣ ሕክምና፣ ሕግ ይቀድማሉ። ንስሐ ገብቻለሁ የሚለው ባል እውነተኛነቱ የሚታወቀው እርሷ ቶሎ በመመለሷ ሳይሆን እርሱ ለረጅም ጊዜ በሚያሳየው ፍሬ ነው። ይህን በማዳፈን ከሬሳ ላይ የሚለቀስበት ቀን እንደሚመጣ ሽማግሌዎቻችን ይወቁ።

የማቴዎስ 18ን ቅደም ተከተል መገልበጥ

ወንድምህ ቢበድልህ ብቻውን ንገረው፤ ባይሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ያዝ፤ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። እኛ የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ብዙ ጊዜም ሐሜቱን የጸሎት ርእስ አድርገን፣ "ለእገሌ ጸልዩለት" ብለን።

ሌላኛው ስህተት ግን የበለጠ ይከፋል። ሕፃን ተደፍሮ፣ "ብቻችሁን ሆናችሁ ተነጋገሩ፤ ወንድም ወንድሙን አይክሰስ" ማለት። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ላይ የሚናገረው ስለ ትንንሽ ነገርና ስለ ዕለት ኑሮ ጉዳይ ክርክር ነው፤ በቁጥር 8 ላይም በዳዮቹን ራሳቸውን ይወቅሳል። ወንጀል ለፖሊስ ይነገራል። ሮሜ 13 ሰይፍን በከንቱ አይታጠቅም የሚለው ስለ ባለ ሥልጣን ነው፤ ሥራውን ይሥራ።

ሐኪምን የእምነት ማነስ አድርጎ ማየት

ሕዝቅያስ እንደሚድን ከእግዚአብሔር ቃል ተቀብሎ ሳለ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተወው፤ ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጅ እንዲወስድ መከረው። በኦርቶዶክስና በካቶሊክ ቀኖና ያለው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም እግዚአብሔር ከምድር ፈጠረ ይላል። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ጸበልና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት እንደማይቃረኑ በይፋ ተናግረዋል። እንግዲህ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒታችሁን በእምነት ጣሉ የሚላችሁ አገልጋይ ቢመጣ፣ ጸሎቱን ተቀበሉ፤ ኪኒኑን ግን በሰዓቱ ዋጡ።