ብዙ ብርሃን የማይፈልጉ ዕፅዋት ያሉት አኳሪየም እንዴት ይዘጋጃል?

አኳሪየም ለመጀመር የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓሣ ገዝቶ ይመለስና ስለ ቀሪው በኋላ ያስባል። እኔ ከዕፅዋቱ እንዲጀምሩ፣ ያውም ብዙ ብርሃን ከማይጠይቁት እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ብርሃን በበረታ ቁጥር ዕፅዋቱ ማዳበሪያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት ይፈልጋሉ፤ ያንን ካላገኙ የተረፈውን ብርሃን የሚበላው አልጌ፣ ማለትም መስታወቱንና ቅጠሉን የሚለብሰው አረንጓዴ ነገር፣ ነው። ብርሃኑ ሲቀንስ ግን ሁሉም ነገር ይዘገያል፤ ችግር ቢፈጠር እንኳ ለማስተካከል ጊዜ ይኖራል። ለአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሳሎን የሚስማማውም ይህኛው ነው።

ቦታና ዕቃ

60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋትና 30 ቁመት ያለው የመስታወት ገንዳ 54 ሊትር ይይዛል። ከዚህ ያነሰ ለጀማሪ ይከብዳል እንጂ አይቀልም፤ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይበላሻል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ከነአሸዋውና ከነድንጋዩ ከ60 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ጠንካራ ጠረጴዛ ያሻዋል። ጠረጴዛው ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ ያረጋግጡ። መስኮት አጠገብ አያስቀምጡት፤ የእኛ አገር ፀሐይ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ብታገኘው እንኳ መስታወቱን አረንጓዴ ለማልበስ ይበቃታል።

ለመብራት 6500 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) የሚል የተጻፈበት ነጭ ኤልኢዲ ይምረጡ። ለዚህ መጠን ከ500 እስከ 1000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይበቃል፤ ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ይገኛል። መብራቱን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ባለ ሰዓት ሶኬት ቢገዙለት ከማንኛውም ማዳበሪያ ይበልጥ ይጠቅምዎታል። በመጀመሪያው ወር በቀን 6 ሰዓት ያብሩ፤ ከዚያ ወደ 8 ከፍ ማድረግ ይቻላል። እንግዳ መጣ ተብሎ እስከ እኩለ ሌሊት የሚበራ አኳሪየም ብዙ አይቻለሁ፤ ንጹሕ ሆኖ የቆየ ግን የለም።

የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ባለ 50 ዋት ማሞቂያ ያስፈልጋል፤ 24 ዲግሪ ላይ ያድርጉት። ለማጣሪያ በአየር ፓምፕ የሚሠራው ባለ ስፖንጅ ርካሽና አስተማማኝ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ታጥፈው እንዲወጡ ያድርጉ፤ ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ታች ይንጠባጠባል።

አሸዋውና ድንጋዩ

የወንዝ አሸዋ ይሆናል፤ ነገር ግን ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ደጋግመው ይጠቡት። በሳሙና ፈጽሞ አይነካም። ድንጋይ ሲመርጡ ጥቂት አቼቶ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ እያወጣ ከተንጫጫ ኖራ አለበትና ይተውት፤ በውሃው ውስጥ ያለውን ኖራ እያደር ያበዛዋል። አሸዋውን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንጥፉ፤ ከኋላ ትንሽ ከፍ ቢል ለዓይን ያምራል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። አፉ በተከፈተ ባልዲ ለ24 ሰዓት ቢያድር አብዛኛው ክሎሪን ይተናል፤ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኙ ግን እሱ ይሻላል። አሸዋው ላይ ሰሃን ያስቀምጡና ውሃውን በጆግ ሰሃኑ ላይ ቀስ እያሉ ያፍስሱ። እንዲያም ሆኖ አንድ ሁለት ቀን ቢደፈርስ አይደንግጡ።

ዕፅዋቱ

አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ዋናዎቹ ናቸው። አኑቢያስ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ወንዞች ተክል ነው፤ ቅጠሉ ወፍራምና ጠንካራ በመሆኑ ብዙ ዓሣ አይደፍረውም። ሁለቱም ሥራቸው የሚወጣበት ወፍራም አግዳሚ ግንድ አላቸው፤ ይህ ግንድ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ስለዚህ በጥጥ ክር ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ይሰሩት፤ ክሩ በስብሶ እስኪበጠስ ሥሩ ራሱ ይጨብጣል። በጃቫ ፈርን ቅጠል ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ ሲያዩ በሽታ መስሎዎት አይቁረጡት፤ እንደ ዘር የሚራባበት ነው፤ ከቅጠሉ ላይ ሥር ያላቸው ሕፃናት ተክሎችም ይበቅላሉ።

አሸዋ ውስጥ የሚተከለው ክሪፕቶኮሪን ነው፤ ቬንድቲ የሚባለው የስሪ ላንካ ዝርያ ይመረጣል። ይህ ተክል ኩርፊያ ይወዳል። ቦታ በተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ ቅጠሉ ብርጭቆ መስሎ ይሟሟል። ብዙ ሰው ሞተ ብሎ የሚነቅለው ያኔ ነው። ሥሩ ሕያው ስለሆነ የበሰበሰውን ቅጠል ብቻ ያውጡና ይተውት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከመሐል አዲስ ቅጠል ይገፋል። ፈጥኖ የሚያድግ አንድ ተክል፣ ለምሳሌ ሴራቶፊለም፣ ላይኛው ውሃ ላይ ቢንሳፈፍ አልጌ የሚፈልገውን ምግብ ይሻማል።

ዓሣው ይቆይ

ከዓሣ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅና በአሸዋው ላይ የሚባዙ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ እሱንም ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱን ዕፅዋቱ ይመገቡታል። ባክቴሪያዎቹ እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨምሩ፤ እየበሰበሰ አሞኒያውን ይሰጣቸዋል። በመመርመሪያ ጠብታ ሲለኩ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ፣ ናይትሬት ግን መኖሩ ሲታይ ውሃው ዝግጁ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቼሪ ባርብ የሚባሉ 6 ትንንሽ ዓሣዎች ይበቃሉ። እነሱም የስሪ ላንካ ተወላጆች ናቸው፤ ደብዘዝ ባለ ብርሃንና በቅጠል መሐል ወንዶቹ ቀይ ቀለማቸውን ያወጣሉ። ጎልድፊሽ ግን እዚህ ቦታ የለውም፤ ተክሉን ይነቅላል፣ መስታወቱም ይጠብበዋል። ምግብ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቀውን ያህል።

በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ ይቀይሩ። በቅድሚያ ማሞቂያውን ከሶኬት ይንቀሉ፤ እየጋለ ከውሃ ውጭ ከቀረ ይሰነጠቃል። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃቸዋል፤ ከአኳሪየሙ በቀዱት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል። የቤቱ መብራት (ኤሌክትሪክ) ሲቋረጥ ዓሣዎቹን አይመግቡ፤ ሌሊት ከሆነ መስታወቱን በጋቢ ይሸፍኑት፤ ላይኛው በኩል ግን ለአየር ክፍት ይሁን። መቋረጡ ከረዘመ ውሃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባል።

የተቆረጡ ቅጠሎችን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ አይጣሉ። ጣናን የወረረው እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም የተሰራጨው ለአበባው ውበት ሲባል ነበር። ፀሐይ ላይ በደንብ ካደረቁት በኋላ ወደ ማዳበሪያ ጉድጓድ ወይም ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሂድ፤ የተቀየረውን ውሃ ግን የአበባ ማሰሮዎችዎ ይወዱታል።