ለሴቶች መብት የኖረችን ጠበቃ እንዴት እናስባት?

አንዲት ጠበቃ ስታርፍ ጎንደር ላይ የምናውቀው ወግ አለ። ለቅሶ እንደርሳለን፣ አርባዋ ይወጣል፣ በሙት ዓመቷ ጸበል ጸዲቅ ቀምሰን እንለያያለን። ይህ ይቅር የሚል የለም። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ችሎት ፊት ለሴቶች ስትቆም የኖረች ሰው ከዚህ በላይ ይገባታል። እሷ የተከራከረችለት መብት ዛሬም ወሬው እንኳ ያልደረሳት ሴት አለች፤ ለዚያች ሴት ማድረስ ነው ትልቁ መታሰቢያ። ፎቶውም፣ ባነሩም፣ ቲሸርቱም ከዚያ በኋላ ይምጣ።

መጀመሪያ ቤተሰቧን አነጋግሩ። ስሟን ለምንም ነገር ከማዋላችሁ በፊት የልጆቿ ወይም የእህት ወንድሞቿ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከዚያ ታሪኳን ሰብስቡ፤ ይሄ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይገባዋል። አብረዋት የሠሩ ጠበቆችን፣ ዳኞችንና ዐቃቤ ሕጎችን ጠይቁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኞችንና ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች ደግሞ እንዳትረሱ፤ የትኛዋን ሴት ያለ ክፍያ እንደቆመችላት ብዙ ጊዜ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «ጎበዝ ነበረች» የሚል መልስ አይበቃችሁም። የትኛውን ጉዳይ ይዛ ስትከራከር አያችሁ? ዳኛው ምን አሉ? ልጅቷ ከዚያ በኋላ የት ደረሰች? እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፣ በስልካችሁ ቅዱ፣ ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ባለጉዳዮቿ ላይ ስትደርሱ ግን በጣም ተጠንቀቁ። የተደፈረች ወይም የተጠለፈች ሴት ታሪክ ያለ ፈቃዷ አይነሳም። ፈቅዳም ቢሆን ስሟን፣ ሰፈሯንና የልጆቿን ነገር ተዉት። ጎንደር ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ «አንዲት የአዘዞ ሴት» ብላችሁ ሥራዋን ከጨመራችሁበት ማን እንደሆነች ወዲያው ይታወቃል። የጠበቃዋን ፋይሎችም አትክፈቱ። ምስጢሩ የባለጉዳዩ ነውና ቤተሰብ በሌላ ጠበቃ በኩል ለባለቤቶቹ ይመልስ።

ታሪኩን ስትጽፉ ከዘመኑ ሕግ ጋር አያይዙት፤ አለዚያ ወጣቶቹ ከምን ጋር እንደታገለች አይገባቸውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችል ነበር፣ የቤቱ አለቃም ባል ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። አስቡት እስቲ! በ1980ዎቹ መጨረሻ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና የሙያ እህቶቻቸው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። አርሲ ውስጥ ተጠልፋ ጠላፊዋን በጥይት የገደለችውን የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ይዞ ራሷን ስትከላከል ነው በሚል በነፃ እንድትሰናበት የተሟገተው ይህ ማኅበር ነው። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ፣ የክልላችንም የቤተሰብ ሕግ በ1995 ተከተለ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ጋብቻ ጠላፊን ከክስ ማዳኑ ቀረ። ወይዘሮ መዓዛም በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። የእናንተዋ ጠበቃ በእነዚህ ዓመታት የት ነበረች? ምን ስትሠራ? ያንን ጻፉ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ፣ ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ ቋንቋው የችሎት አማርኛ አይሁን። ያለ ሙሉ ፈቃዷ የሚታሰር ጋብቻ እንደሌለ ጻፉ (ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34)። ሴት ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የመውረስ መብቷ ከወንድ እኩል እንደሆነ ጻፉ (አንቀጽ 35)። ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት እንደሚያስቀጣ፣ ያለ ዕድሜዋ ልጅ ያገባም እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እንደሚታሰር ጻፉ። በክልላችን የገጠር መሬት ደብተር ላይ የሚስትም ስምና ፎቶ ከባሏ ጋር እንደሚሰፍር አስታውሱ፤ ከደምቢያና ከወገራ ለምትመጣው ሴት ከሁሉም በላይ የሚጠቅማት ይሄ ነው። የተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ከደረሰች ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት እንደምታገኝ፣ ማስረጃውም ሳይጠፋ እንደሚያዝላትም ጨምሩ። መጨረሻ ላይ የት እንደምትሄድ ጠቁሙ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው። አንድ የሕግ ባለሙያ ሳያየው ግን አይታተም። ማንበብ ለማትችለው ደግሞ በድምፅ ቅዱላት።

ብዙ ሰው የሚስተው ጊዜውን ነው። የሴቶች ቀን እስኪደርስ፣ የካቲት 29ን አትጠብቁ። እኛ ጋ ጥምቀት ካለፈ ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሰርግ በሰርግ ነው። ወረቀቱ በታኅሣሥ፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ጥሎሽ ሳይቆረጥ መድረስ አለበት። ቅዳሜ ገበያ፣ ወፍጮ ቤት፣ የሴቶች ማኅበር ቡና ላይ ውሰዱት። የእድር ሰብሳቢውን አምስት ደቂቃ ለምኑ፤ ለሟች ክብር ሲባል እንቢ የሚል ብዙም አይገኝም። የነፍስ አባቶችንም አነጋግሩ። «18 ሳይሞላት አይሆንም» የሚለው ቃል ከቄሱ አፍ ሲወጣ የሚሰማው ጆሮ ሌላ ነው።

መንገድ ወይም አዳራሽ በስሟ ማሰየም ጥሩ ነው፣ ግን ደብዳቤና ቀጠሮ ይበዛበታል፤ ከእሱ አትጀምሩ። ገንዘብ ከተዋጣ ለአንዲት የሕግ ተማሪ አውሉት፣ ከገጠር ለመጣች ብትሆን ይመረጣል። ለኮፒ፣ ለባጃጅ፣ ለንጽሕና መጠበቂያ የሚሆን በየወሩ ትንሽ ብር ትምህርት ከማቋረጥ ያድናል። ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን። ተማሪዋን አንድ መምህርና አንዲት ጠበቃ ይምረጡ፣ ከቤተሰብም አንድ ሰው ይግባ። ወጪውን ደግሞ በየሙት ዓመቷ፣ ሰው ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ በዝርዝር አንብቡለት።