የአክስቴን በርበሬ ጀርመን ጉግል ላይ ለማውጣት

አክስቴ ፍራንክፈርት ሆና በርበሬና ሽሮ በኢንተርኔት ትሸጣለች። ድረ ገጿን አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የሠራሁላት እኔ ነኝ። እኔ ስፈልገው ከላይ ይወጣል። በቀን አሥር ጊዜ እየከፈትኩት እንዴት አይወጣ! እሷ ግን ደውላ «አንቺ ልጅ፣ እዚህ እኮ የለሁም» አለችኝ።

ከአድራሻው ጅራት እንጀምር። ነጥብ ኮም ለጉግል አገር አይናገርም። ነጥብ ዲኢ የጀርመን፣ ነጥብ ኢቲ የኢትዮጵያ ነው። ለአንድ አገር ብቻ የምትሸጡ ከሆነ የዚያን አገር ጅራት ግዙ። ነገ ሌላ አገር ልትጨምሩ ካሰባችሁ ግን ኮም ላይ ቆዩና በሥሩ ለየአገሩ ክፍል ክፈቱ። አክስቴ ጀርመንኛ የሚናገሩትን የኦስትሪያ፣ የቪየና ደንበኞችንም ስለምታስብ እኛ ኮም ላይ ቀረን። ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ የት አገር እንዳለ አያስጨንቃችሁ።

እኔን ጉድ የሠራኝ ኤችሬፍላንግ ነው። ገጹ በምን ቋንቋ፣ ለየትኛው አገር እንደተዘጋጀ ለጉግል የሚነግር አንድ መስመር ኮድ ነው። መጀመሪያ የቋንቋው ምልክት ይገባል፤ ካስፈለገ የአገሩ ይከተላል። የአማርኛ ምልክት ኤኤም ነው፣ የኢትዮጵያ ደግሞ ኢቲ። እኔ በችኮላ ለአማርኛው ገጽ ኢቲ ብዬ ጻፍኩ። ኢቲ በቋንቋ ቦታ ሲገባ ኢስቶኒያኛ ነው! ኤኤምም በአገር ቦታ ከገባ አርሜኒያ ይሆናል። ስነግራት «ኢስቶኒያ ማን ሽሮ ይበላል?» ብላ ሳቀችብኝ። አሁን ለአማርኛው ኤኤም፣ ለጀርመንኛው ዲኢ ብቻ አድርገናል፤ አገር ስላልጠቀስን ቪየናም ይገባበታል። ሁለቱ ገጾች እርስ በርስ መጠቋቆም አለባቸው። አንዱ ጠርቶ ሌላው ዝም ካለ ጉግል ምልክቱን ይተወዋል።

ጎብኚው ያለበትን አገር አይቶ በራሱ ወደ ሌላ ገጽ የሚያዞር ኮድ አታስገቡ። ገጾችን እየዞረ የሚያነበው የጉግል ሮቦት ባብዛኛው ከአሜሪካ ስለሚመጣ ጀርመንኛውን ገጽ ጭራሽ ላያየው ይችላል።

ቀጥሎ ጽሑፉ። ጀርመንኛችን ከአማርኛው በማሽን የተተረጎመ ነበር፤ «የእናት እጅ ያለበት ቅመም» ዓይነት። ጀርመናዊ ገዢ የሚጽፈው ግን «ቤርቤሬ ካውፈን» ነው፣ በርበሬ መግዛት ማለት። ያ ቃል ገጹ ላይ አንድም ቦታ አልነበረም። ርዕሱ ላይ አስገባነው። ዋጋውን በዩሮ፣ ስልኩን በ+49፣ አድራሻውን ከነባለ 5 አሃዙ ፖስታ ቁጥር ጻፍን። ጀርመን ውስጥ ለንግድ ድረ ገጽ ኢምፕሬሱም የሚሉት የባለቤቱ ማንነት ገጽ የሕግ ግዴታ ስለሆነ፣ እሱንም ጨመርን። ጉግል የአገሩን አድራሻ፣ ስልክና ገንዘብ ያያል።

ከሌሎች የዚያው አገር ድረ ገጾች የሚመጣ ሊንክም ይረዳል። ይህን መግዛት አያስፈልግም። አክስቴ በርበሬ የምታቀርብላቸውን ሁለት ምግብ ቤቶች ጠየቀች፤ «ቅመማችን ከዚህ ነው» ብለው ድረ ገጻቸው ላይ ለጠፉላት።

ውጤቱን ከአዲስ አበባ በመፈለግ አትለኩ። ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል መሣሪያ ውስጥ ገብታችሁ አገሩን ጀርመን ብላችሁ ለዩት፤ በየትኛው ቃል ስንተኛ እንደወጣችሁ ያሳያችኋል። አክስቴ ግን አታምነውም። የጎረቤቷን ስልክ ተውሳ ትፈልግና ትደውልልኛለች። «ቤርቤሬ ካውፈን» ላይ ለጊዜው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነን።