ያረጀ ምድር ባቡር በአንድ ሜትር ተኩል ጣውላ ላይ፦ ሞዴሉ እንዴት ይታቀዳል?

አዳማ ላደገ ሰው ምድር ባቡር ማለት መሀል ከተማ ያለው የድሮው ጣቢያ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው መስመር በእኛ ከተማ ያልፍ ነበር። ቡናና ቆዳ ጭኖ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ሸቀጥ ጭኖ ይመለሳል። እኔ የደረስኩት መጨረሻው ላይ ነው። ሀዲዱ መሀል ሣር በቅሏል፣ ፉርጎዎቹ ዝገዋል። ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ማኖር የፈለግኩት ያንን መልክ ነው።

ቀድሞ የሚወሰነው ልኬቱ ነው፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ ያንሳል የሚለው (1 ለ87 ማለት 87 ጊዜ ያነሰ ነው)። የድሮው መስመር በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር 1.435 ሜትር ነው። በዓለም በብዛት የሚሸጠው የሞዴል ሀዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ የተሠራው ለ1 ለ87 ልኬት ነው። በዚያ ልኬት ከሠራችሁ የምታገኙት የአዲሱን ባቡር ስፋት ነው። ቤቱን፣ ሰዉንና ፉርጎውን በ1 ለ60 ብትሠሩስ? 16.5 ሲባዛ በ60፣ 990 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አንድ ሜትር ሊሞላ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ለ1 ለ87 የሚሆን 12 ሚሊ ሜትር ሀዲድም አለ፤ ግን ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። የእኔ ምክር 1 ለ60 ነው። 1 ሜትር 1.67 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ 1.70 የሆነ ሰው 2.8 ሴንቲ ሜትር ይቆማል።

ዕቃውን እኔ ከውጭ በመጣ ዘመድ ነው ያስመጣሁት፣ ያገለገለ። አንድ አጭር ባለ አራት ጎማ ሎኮሞቲቭ፣ 8 ትንንሽ ፉርጎ፣ አንድ የግራና አንድ የቀኝ መቀየሪያ (ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግረው)፣ ቀጥ ያለ ሀዲድ። ይበቃል። ከላይ ያለውን አካል አውልቃችሁ በካርቶን በ1 ለ60 ትሠሩለታላችሁ።

ዙሪያውን የሚሽከረከር መስመር አትመኙ። ቦታ ይበላል፣ ቶሎም ይሰለቻል። በዓለም የታወቀ አንድ ቀላል ዕቅድ አለ፦ ሦስት መስመር፣ አንዱ 5 ፉርጎ የሚይዝ፣ ሁለቱ 3፣ 3 የሚይዙ። ከ8ቱ ፉርጎዎች አምስቱን በዕጣ ታወጣላችሁ፤ ከዚያ በሎኮሞቲቩ እየሳባችሁና እየገፋችሁ በዕጣው ቅደም ተከተል አሰልፋችሁ ባቡር ትሠራላችሁ። ሊወጣ የሚችለው አሰላለፍ 6,720 ነው። እኔ ማታ ማታ ከልጄ ጋር እጫወተዋለሁ፣ እስካሁን አልሰለቸንም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፦ ርዝመቱን መለካት። ጣውላ ከመቁረጣችሁ በፊት ወለል ላይ ወረቀት ዘርጉ። መቀየሪያዎቹን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ መስታወቱ ላይ አስቀምጡና በልካቸው ኮፒ አስደርጉ። ቆርጣችሁ ወረቀቱ ላይ እንዳሻችሁ ታንቀሳቅሷቸዋላችሁ። የእኔ ፉርጎ ከነማያያዣው 11 ሴንቲ ሜትር፣ ሎኮሞቲቩ 12 ነው። ከመጀመሪያው መቀየሪያ ወዲህ ያለው መመለሻ (ሎኮሞቲቩ ፉርጎ ስቦ ወጥቶ ወደ ሌላ መስመር የሚመለስበት ሀዲድ) ሎኮሞቲቩንና 3 ፉርጎ መያዝ አለበት፦ 12 ሲደመር 33፣ 45 ይሆናል። ትንሽ ትርፍ ጨምሩና 48 አድርጉት። ከ45 አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ቢጎድል የመጨረሻው ፉርጎ መቀየሪያው ላይ ይቆማል፣ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል።

እኔ የተሸወድኩት ግን በሌላኛው ጫፍ ነው። የመስመሮቹን ርዝመት መቀየሪያው ካለቀበት ጀምሬ ቆጠርኩ። ሁለቱ ሀዲዶች እዚያ ጋ ገና አልተራራቁም። ስለካ ያቆምኩት ደግሞ ከፋብሪካ የመጡትን ጠባብ ፉርጎዎች ስለነበር ምንም አልነካካም። ሁሉን ሀዲድ ለጠፍኩ። ከዚያ የካርቶኑን አካል ገጠምኩላቸው፤ ስፋቱ 4.3 ሴንቲ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ቀን ሎኮሞቲቩ ሲያልፍ የቆመውን ፉርጎ ጎኑን ፋቀውና አጠገቡ ካለው ሀዲድ ላይ ጣለው። የሦስት ሳምንት ሥራ ነቅዬ እንደገና ጀመርኩ። ስለዚህ ሁለት ሙሉ ስፋት ያላቸው የካርቶን ፉርጎዎች አስቀድማችሁ ሥሩ። ጎን ለጎን እየገፋችሁ የማይነካኩበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ቆጠራው ከዚያ ነው የሚጀምረው። በእኔ ከመቀየሪያው ጫፍ 6 ሴንቲ ሜትር ወዲያ ሆነ። ድምሩ፦ መመለሻው 48፣ ሁለቱ መቀየሪያዎች 17፣ 17፣ ክፍተቱ 6፣ አምስቱ ፉርጎ 55፤ 143። 150 በ40 የሆነ ጣውላ ይበቃል።

ጣውላው ኮምፔንሳቶ ይሁን፣ ከሥሩ ቀጭን ሞራሌ ይመታበት። ቺፕውድ ርካሽ ነው፣ ግን ውኃ ያለው ኮላ ሲነካው ያብጣል። ወደ ሀዲዱ ኤሌክትሪክ የሚልከው መቆጣጠሪያ 12 ቮልት ነው።

ያረጀ መስመር ስለሆነ ሀዲዱን አጣምማችሁ አትዘርጉት። ባቡሩ እየወደቀ ያስመርራችኋል። እርጅናው ከቀለሙና ከአቧራው ይምጣ፣ ምክንያትም ይኑረው። ባቡር የሚሄድበት ሀዲድ አናቱ ያበራል፣ ጎኑ ይዝጋል። ስለዚህ ጎኑን ብቻ ቡናማ ቀቡት፤ አናቱን ከቀባችሁት ኤሌክትሪክ አያልፍም። እኔ አራተኛ፣ 20 ሴንቲ ሜትር የማትሞላ የሞተች መስመር ጨመርኩ። ኤሌክትሪክ የላትም፣ እሷን ሙሉ በሙሉ አዝገኋት። መሀሏ ሣር፣ ጫፏ ላይ ጎማው የወለቀ ፉርጎ። ከኋላ ተራራ ከሳላችሁ ዘመኑን አስቡ፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ የመጡት በቅርብ ነው፣ ከድሮው ባቡር ጋር አይሄዱም።

አፈሩን ከደጃችሁ ውሰዱ። የአዳማን አቧራ የመሰለ ቀለም የትም አይሸጥም። በምጣድ አድርቁት፣ በሻይ ማጥለያ ንፉት። ከዚያ ማግኔት በላስቲክ ጠቅልላችሁ አፈሩ ውስጥ ደጋግማችሁ አዙሩ። ላስቲኩ ላይ ጥቁር ብናኝ ተጣብቆ ይወጣል፤ ብረት አለበት። ያ ብናኝ ካልወጣ ሞተሩ ውስጥ ያለው ማግኔት ይስበዋል፣ ሎኮሞቲቩም ይበላሻል። አፈሩን ነስንሱ፣ በጣትና በብሩሽ ከሀዲዱ አናት ጥረጉት። አንድ እጅ ነጭ የእንጨት ኮላ በሁለት እጅ ውኃ በጥብጡና አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት። ሳሙና ከሌለው አፈሩ ላይ ተድበልብሎ ይቀራል፣ ወደ ውስጥ አይገባም። በሲሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጉት። መቀየሪያው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ግን ኮላ እንዳይደርስ።

እስከ ማግስቱ አትንኩት። ሲደርቅ የሀዲዱን አናት በንጹሕ ጨርቅ ወልውሉና መጀመሪያ ሎኮሞቲቩን ብቻውን፣ ቀስ አድርጋችሁ አስኪዱ።