ኦርካ ሲያልፍ ምኑን ልይ?

ላይም ኪልን ላይ መጀመሪያ የቆምኩ ቀን ጉድ ሆኛለሁ። ቦታው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ የሳን ዋን ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ባይኖኩላሬን ዓይኔ ላይ ለጥፌ ሩቁን ሳስስ፣ ኦርካዎቹ (ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚባሉት ጥቁርና ነጭ የባሕር እንስሳት) እግሬ ሥር ባለው ዓለት ጥግ አለፉ። "ፕፍፍ" የሚል ትንፋሽ ሰምቼ ዞር ስል አንድ ጥቁር ክንፍ ጠለቀ። በቃ።

ስለዚህ መጀመሪያ በባዶ ዓይንና በጆሮ ጠብቁ። ትንፋሻቸው እንደ ጉም ብን ሲል ከሩቅ ይታያል። ባይኖኩላሩ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ቀጥሎ የጀርባ ክንፉን እዩ። ቀጥ ብሎ የቆመና የሰው ቁመት የሚያህል ከሆነ ጎልማሳ ወንድ ነው፤ እስከ 1.8 ሜትር ይደርሳል። አጠር ብሎ ወደ ኋላ ከተቀለበሰ ሴት ናት፣ ወይም ገና ያልጎረመሰ ወንድ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ነጩ ቦታው ወደ ብርቱካን የሚያደላ ትንሽዬ ካያችሁ ግልገል ነው።

ከክንፉ ኋላ ኮርቻ የመሰለ ግራጫ ምልክት አለ። የሁለት ኦርካ ኮርቻ አንድ አይሆንም። ካናዳዊው ማይክል ቢግ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚህ ምልክትና በክንፋቸው ጭረት እየለየ አንድ በአንድ መዘገባቸው። ፎቶ ካነሳችሁ ከጎን አንሱ። ዝላዩ ያምራል፣ ማንነቱን ለማወቅ ግን ብዙም አይረዳም።

እዚያ ባሕር ላይ ሁለት ዓይነት ኦርካ ይመላለሳል። አንዱ ዓሣ በል ነው፤ በተለይ ቺኑክ የሚባለውን ሳልሞን ይወዳል። በቢግ ስም የሚጠራው ሌላው አቆስጣ (በእንግሊዝኛ ሲል) እና የባሕር አንበሳ ያድናል። አንድ ውሃ ውስጥ እየኖሩ አይዳቀሉም። የውሃ ውስጥ ማይክ ካገኛችሁ ልዩነቱን በጆሮ ትይዙታላችሁ። ዓሣ በሎቹ ወሬኞች ናቸው። አቆስጣ ግን ጆሮው ንቁ ስለሆነ፣ የሚያድኑት አፋቸውን ዘግተው ይሄዳሉ። ጫጫታው ከገደሉ በኋላ ነው! ማይክ ከሌላችሁ ሰዓት ያዙ። ዓሣ በሎቹ ደጋግመው ተንፍሰው አምስት ደቂቃ ያህል ይጠልቃሉ፤ አዳኞቹ ከአሥር ደቂቃ በላይም ሊጠፉ ይችላሉ።

በጀልባ መጠጋት ይቅርባችሁ። የዋሽንግተን ሕግ ከ2025 ጀምሮ ጀልባዎች እዚህ ከሚመላለሱት፣ የደቡብ ነዋሪ ከሚባሉት ዓሣ በሎች 914 ሜትር ያህል እንዲርቁ ያዛል። ዓለቱ ላይ የቆመ ሰው የበለጠ ሊቀርባቸው ይችላል።

አንድ ቀን ትልቅ ወንድ ከአንዲት ሴት ጎን ሲዋኝ አይቼ "ባልና ሚስት!" አልኩ። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ሳቁብኝ። እናቱ ናት ለካ። ዓሣ በሎቹ ወንዶችም ሴቶችም ዕድሜ ልካቸውን ከእናታቸው አይለዩም። እሷ ወደ 40 ዓመት ገደማ መውለድ ብታቆምም ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ ሳልሞን ባነሰበት ዓመት ደግሞ ፊት ፊት የምትመራው አሮጊቷ ናት። ትልቁን ክንፍ ስታዩ አጠገቡ ያለውን ትንሽ ክንፍ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ እሷ ስትጠልቅ እሱም ተከትሏት ይጠልቃል።