የባህል መድኃኒት አዋቂዎች ጉዳት ሲያዩ እንዲያሳውቁ እንዴት እናሰልጥን?

ስልጠናውን «መድኃኒታችሁ አደገኛ ነው» ብላችሁ ከጀመራችሁት አለቀ። ማንም አፉን አይከፍትም። እነሱ ከሚያውቁት ተነሱ። ኮሶ ሲበዛ ዓይን ሊያጠፋ እንደሚችል፣ እንዶድ የጠጣ ሰው ሆዱ እንደሚታወክ፣ አስተናግር እንደሚያስለፈልፍ ቀድመው ያዩት እነሱ ናቸው። «ለነፍሰ ጡር የማትሰጡት አለ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤቱ ወዲያው ይሞቃል።

ቦታው ጤና ኬላ ቢሆን ጥሩ ነው። የገበያና የበዓል ቀን አይሁን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከመጀመሪያው ትገኝ፤ ነገ ወሬው የሚደርሰው ለእሷ ነው።

ከባዱ ነገር ምስጢሩ ነው። ብዙዎቹ ዕውቀቱን ከአባታቸው የወረሱት በቃል ኪዳን ነው፤ የዕፁ ስም ከወጣ ፈውሱ ይጠፋል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ስሙን አትጠይቁ። ጉዳት በሚታወቅበት ቅጽ ላይ «የዕፁ ስም» የሚል መስመር ካለ እንኳ ባዶውን ይቅር። በምትኩ እያንዳንዱ አዋቂ ለየመድኃኒቱ የራሱን ምልክት ያውጣ፤ ባለቀለም ክር ይበቃል። ለታማሚ ሲሰጥ ከዚያው መድኃኒት አንድ ቁንጥር በወረቀት ጠቅልሎ፣ ክሩን አስሮ፣ ቀኑን አጽፎ ያስቀምጥ። ፌስታል አይሆንም፣ ይሻግታል። ታማሚው ከታመመበት ጥቅሉ አብሮት ሐኪም ቤት ይሄዳል። ነፍስ አደጋ ላይ ስትወድቅ ግን ስሙን ለሐኪሙ ብቻ ለመናገር አስቀድመው ይስማሙ። ይህን ስምምነት ሳትይዙ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ሁለተኛው ቁም ነገር ዓይን ማየት ነው። ለወፍ በሽታ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ታማሚ በየጊዜው ይመጣበታል። ቢጫነቱ ከመድኃኒቱ በፊት ነበር ወይስ በኋላ መጣ? ከኋላ ከመጣ ጉበት ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለማንም ከመስጠታቸው በፊት ደጅ አውጥተው፣ በፀሐይ ብርሃን የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርገው የዓይኑን ነጭ ይዩ። እርስ በርስ እየተያዩ ይለማመዱት።

ለመዝገብ የስልክ መተግበሪያ አልመክርም። ደብተርና የሥዕል ካርድ ይሻላል፦ ማስታወክ፣ መንቀጥቀጥ፣ እብጠት፣ ደም መፍሰስ፣ የሽንት መጥቆር። ማንበብ የማይችሉት ልጃቸው ይጻፍላቸው። ማን ወሰደ፣ ምን ያህል፣ በምን በጥብጦ፣ ምን ሆነ፣ መቼ ጀመረው። ከጤና ጣቢያ የሚወስደው ኪኒን እንዳለም ይጠየቅ። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብዙ ጊዜ ለአዋቂው አይናገርም፤ ለሐኪሙም ስለ ቅጠሉ አይነግርም።

የጤና ባለሙያው ይህን ወስዶ የመድኃኒት ጉዳት የሚታወቅበትን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቢጫ ቅጽ ይሞላል፤ በነፃ መስመር 8482 መደወልም ይቻላል። «መድኃኒቱ ነው ያደረገው» ብሎ እርግጠኛ መሆን አያስፈልግም፣ ጥርጣሬ ይበቃል።

ከዚያ ለአዋቂው መልስ ይድረሰው። ታማሚው ዳነ? ምን ተገኘ? ያስታወቀ ሰው ወሬው ከጠፋበት ሁለተኛ አይመጣም። ባለሙያው ራሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይንገረው።