ናኖ ማዳበሪያ ከተረጨ በኋላ ሰብሉ ለምን ታመመ? ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ናኖ ቅንጣት የሚባለው መጠኑ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሆነ ነው። አንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮን ናኖሜትር አለው። ዚንክ፣ መዳብ፣ ብረትና ሲሊካ በዚህ ልክ ደቅቀው በማዳበሪያና በዘር ማከሚያ መልክ ይመጣሉ። የደቀቀ ነገር ቶሎ ይሟሟል፣ ከሥርና ከቅጠል ጋርም በደንብ ይገናኛል። ሌላ ተአምር የለውም። ስለዚህ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተሰጠው መጠን መብዛቱ ነው።

ዘሩ በቅሏል፣ ሥሩ ግን አጭርና ቡናማ ነው

ዘሩ የተዘፈዘፈበት ውህድ በዝቷል። ዚንክ ኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሲቆይ የዚንክ አየን (ውሃ ውስጥ የሟሟ ዚንክ) ይለቃል፤ ቀድሞ የሚመታው ደግሞ የሥሩ ጫፍ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ዘሩ ስለበቀለለት ብቻ ደህና ነው ይላል። ጉዳቱ ግን ቀድሞ የሚታየው በሥሩ ርዝመት ነው።

ማሳ ከመግባትዎ በፊት ይሞክሩት። አራት ሰሃን ላይ እርጥብ ወረቀት ያንጥፉና ዘር ይበትኑ። አንዱ ውሃ ብቻ ያግኝ፣ ሁለተኛው የታዘዘውን መጠን፣ ሦስተኛው ግማሹን። አራተኛው እኩል ዚንክ ያለው ተራ ዚንክ ሰልፌት ይድረሰው። ከሳምንት በኋላ ሥሮቹን በማስመሪያ ይለኩ። ናኖውም ሰልፌቱም እኩል ካሳጠሩት፣ ጥፋቱ የዚንኩ መብዛት ነው፤ መጠኑን ይቀንሱ። ናኖው ከሰልፌቱ ካልተሻለ ደግሞ ተጨማሪ ብር ለምን ይወጣል? አራተኛዋን ሰሃን የማያሳይ ማስታወቂያ እኔ አላምንም።

ለጋ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ፣ ጅማታቸው ግን አረንጓዴ ነው

ይህ የብረት እጥረት መልክ ነው። አንዳንዴ ግን እጥረቱን ያመጣው የዚንክ ወይም የመዳብ መብዛት ነው፤ ብረትን እየተሻሙ ያስቀሩታል። ቢጫውን አይቶ ሌላ የንጥረ ነገር ድብልቅ የሚረጭ ሰው፣ ድብልቁ ውስጥ ዚንክ ካለ እሳት ላይ ቤንዚን ጨመረ ማለት ነው።

ቅጠሉን ያስመርምሩ። በብዙ ሰብሎች ደረቅ ቅጠል ላይ ጤናማው ዚንክ በኪሎ ከ20 እስከ 100 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ብዙ መቶዎች ከደረሰ ርጭቱን ያቁሙ። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ኖራ ይረዳል፤ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል) ሲጨምር ዚንኩ ይታሰራል። ዚንኩ ልክ ሆኖ የአፈሩ ፒኤች ከፍ ያለ ከሆነ ግን ኖራ አይጠጋ፤ ያ እውነተኛ የብረት እጥረት ነው።

ቅጠል ተቃጠለ፣ ወይም ኖዝሉ (የመርጫው አፍ) ተደፈነ

ታይታኒየም ዳይኦክሳይድና ዚንክ ኦክሳይድ በፀሐይ ጨረር ሴል የሚጎዱ ኬሚካሎች ያመነጫሉ። አመሻሽ ላይ፣ አቅጥነው ይርጩ። ኖዝል የሚደፍነው ካልሲየም የበዛበት ውሃ ነው፤ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ይጓጉላሉ፣ ናኖ መሆናቸውም ያኔ ያበቃል። ትንሽ በብርጭቆ በጥብጠው ግማሽ ሰዓት ያስቀምጡት። ታቹ ነጭ ዝቃጭ ከያዘ ውሃውን ይቀይሩ።

አኩሪ አተር ወይም ባቄላ ገረጣ

አንድ ተክል በጥንቃቄ ነቅለው በሥሩ ላይ ካሉት እባጮች አንዱን በምላጭ ይሰንጥቁት። እባጩ ውስጥ ከአየር ናይትሮጅን ይዘው ለተክሉ የሚሰጡ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው። ነጭ ወይም ቡናማ ከሆነ ሥራ አቁመዋል። የብርና የመዳብ ናኖ ባክቴሪያ ይገድላሉ፤ ወዳጁን ባክቴሪያ ከጠላቱ አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት ደግሞ ሴሪየም ኦክሳይድ የተባለ የብረታ ብረት ናኖ ቅንጣት በብዛት የገባበት አፈር ላይ የበቀለ አኩሪ አተር ናይትሮጅን መያዙን ሊያቆም ምንም አልቀረውም። እንግዲህ በባክቴሪያ የታሸ ዘር ላይ የብር ወይም የመዳብ ናኖ አይደርቡ።

ምንም ለውጥ የለም

አንድ ጠርሙስ ናኖ ዩሪያ አንድ ጆንያ ዩሪያ ይተካል ከተባሉ፣ ቁጭ ብሎ ማስላት ነው። 4 በመቶ ናይትሮጅን ያለው የግማሽ ሊትር ጠርሙስ የሚይዘው 20 ግራም ናይትሮጅን ገደማ ነው። 50 ኪሎ ዩሪያ 23 ኪሎ ይይዛል። ቅንጣቱ የቱንም ያህል ቢደቅ 20 ግራም 23 ኪሎ አይሆንም። ዚንክን ለመሳሰሉ ሰብሉ በጥቂቱ ለሚፈልጋቸው ንጥረ ነገሮች ናኖ ትርጉም አለው። ናይትሮጅኑ ግን በተለመደው መንገድ ይሰጥ።

ምርቱ ጥሩ ነው፣ እህሉ ግን በዚንክ አልበለጸገም

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሰዓቱ ነው። ገና በቡቃያነት የተረጨ ዚንክ በአብዛኛው ቅጠልና አገዳ ላይ ይቀራል። ካበበ በኋላ፣ ፍሬው መሙላት ሲጀምር ይርጩ። ላብራቶሪው ዚንክን ብቻ እንዳይለካ፤ ብረትና ፋይቴትም (እህል ውስጥ ያለ፣ ማዕድን የሚያስር ውህድ) ይጠየቁ። ፋይቴት ከበዛ ሰውነት ዚንኩን አይወስደውም፣ ብረቱም ወርዶ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚንክ ኦክሳይድ የሚገባው ዚንክ ተክሉ ውስጥ አብዛኛው ሟሙቶ ወደ ሌላ ውህድ ይለወጣል። ሴሪየምና ታይታኒየም ግን በቅንጣትነታቸው መቆየት ይችላሉ። የተለመደው የላብራቶሪ ምርመራ ናሙናውን በአሲድ አሟሙቶ ጠቅላላ ብረታ ብረቱን ስለሚለካ ይህን ልዩነት አያሳይም። ለሚበላ ቅጠል የሚጨነቁ ከሆነ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ የሚቆጥር ምርመራ እንዲደረግ ይጠይቁ።